መስታወቱን ይዘህ ና

እትዬ ዘነበች የደወሉልኝ ሁለተኛውን ክፍለ ጊዜ ጨርሼ ከክፍል ስወጣ ነው። እሳቸው ርቀት በጩኸት የሚሸፈን ስለሚመስላቸው ከሐረር ድሬዳዋ ድረስ የሚያወሩት በስልኩ ሳይሆን በጉሮሯቸው ነው። በረንዳው ላይ የነበርነው መምህራን ሁሉ ሰማናቸው።

«መስታወቱን ይዘህ ና!»

«ደህና አደሩ እትዬ? ምን ሆኑ?»

«ሸዋንግዛው ሞተ ይሉኛል። ጠዋት ብጠራው ብጠራው ዝም አለኝ። አባ ‹መሐላው በሞት ፈርሷል፣ ግቢና ተሰናበቺው› ብለውኝ ገብቼ አየሁት። እሱ አይደለም ልጄ! ጠባሳው ዞሯል። ሊገንዙት ነው፤ ሳላየው እንዳይገንዙብኝ መስታወቱን ይዘህ ድረስልኝ!»

ስልኩ ተዘጋ።

«ማን ሞተ?» አለኝ የሒሳብ መምህሩ።

«ሐረር ሳለሁ ያከራዩኝ ሰውዬ።»

«ነፍስ ይማር። መስታወቱስ?»

ለእሱ የማስረዳበት ጊዜ አልነበረኝም። ጃኬቴን አንስቼ ወጣሁ። አሁን ግን ቁጭ ብያለሁና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ፊዚክስ እንዳስተምር ሐረር የተመደብኩ ሰሞን ደላላው ሐኪም ከሚባለው ጋራ በታች ወዳለ አንድ ግቢ ወሰደኝ። በሩን ገፍተን ስንገባ ሁለት አዛውንት አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ምሳ ይበላሉ። ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ግድግዳው ነው፤ አውቶቡስ ተሳፍረው የሚሄዱ ነበር የሚመስሉት። «ጤና ይስጥልኝ» አልኩ። ሁለቱም ግድግዳውን «አብሮ ይስጥልን» አሉት።

«ወደ ቀኝ ጠጋ በል» አሉ ሰውዬው ሳይዞሩ። «እዚያ ቆመህ የሚታየን አንገትህ ብቻ ነው።»

ጠጋ ስል ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ መስታወት አየሁ፤ መስታወቱ ውስጥ ደግሞ አራት ዓይኖች ከላይ እስከ ታች ይመረምሩኛል።

«ምንድን ነው የምታስተምረው?»

«ፊዚክስ።»

«ብርሃን ይገባበታል?»

«አዎ፣ ነጸብራቅ፣ ማዕዘን...»

«በቃ፣ ቤቱ ያንተ ነው» አሉኝ። ደላላው እስከ ዛሬ በእሱ ብልጠት የተከራየሁ ይመስለዋል።

ጋሽ ሸዋንግዛው ማለት እኚህ ነበሩ። ሥራቸው መስታወት ቆርጦ መግጠም ነው፤ ሸዋ በር አጠገብ ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። አያታቸው ከሸዋ ከመጡት ወታደሮች አንዱ ስለነበሩ ስማቸውም ቤታቸውም ከዚያው የተወረሰ ነው። ሳያገቡ ኖሩ። እህታቸው እትዬ ዘነበች ደግሞ ባላቸው ሲሞቱ ወደ አባታቸው ቤት ተመለሱ። እኔ ስመጣ ወንድምና እህት ዓይን ለዓይን ከተያዩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል።

የጠቡን ምክንያት ስሰማ ሳቄን መያዝ አልቻልኩም ነበር። በድሮ ቤቶቻችን ፎቶግራፍና መስታወት የሚሰቀለው ጣሪያው ሥር ነው፣ ወደ ፊት አዘንብሎ። ፎቶውስ ይሁን፣ ከላይ ሆኖ ያያል። መስታወቱን ግን ማንም ፊቱን አያይበትም፤ የሚታየው የእንግዳ መሐል አናትና የወለሉ ምንጣፍ ነው። የእናታቸውም መስታወት እንደዚያ ነበር የተሰቀለው። እናትየው ሞተው ተዝካራቸው በወጣ በማግስቱ ጋሽ ሸዋንግዛው መሰላል አምጥተው መስታወቱን ወደ ዓይን ልክ አወረዱት። የሐረርን ሰው ሁሉ መስታወት በልኩ ሲሰቅሉ ኖረው የገዛ ቤታቸው መላጣቸውን ብቻ ሲያሳያቸው አንገብግቧቸዋል። እትዬ ዘነበች «እማዬ ከሰቀለችበት ማን አውርድ አለህ?» ብለው መለሱት። እሳቸው አወረዱ። እህትየው ሰቀሉ። በአራተኛው ቀን ሁለቱም ፍሬሙን ይዘው ሲጓተቱ መስታወቱ ወደቀና ስባሪው የጋሽ ሸዋንግዛውን የቀኝ ቅንድብ ሰነጠቀው።

ደማቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው «ሁለተኛ ዓይንሽን ባይ ሚካኤል ይፍረድብኝ!» አሉ።

«እኔም ዓይንህን ባይ ይፍረድብኝ!» አሉ እህትየው።

የንስሐ አባታቸው አባ ገብረ ሥላሴ ጠበል ሊረጩ መጥተው ሁሉንም ደጃፍ ላይ ሆነው ሰምተዋል። መሐላውን ማፍረስ የሚችሉት እሳቸው ናቸው። ማፍረሻው ደግሞ አንድ ነው፤ ሁለቱም ፊት ለፊት ቆመው ይቅር መባባል አለባቸው። ፊት ለፊት ለመቆም ግን መሐላው አስቀድሞ መፍረስ አለበት። ሁለቱም በሚካኤል የማሉትን ማፍረስ አይሆንላቸውም። ነገሩ እዚያው ላይ ተገትሮ ቀረ።

አንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ኩሽና ነው ያላቸው። መጀመሪያ ጀርባ ለጀርባ ሆነው ያወሩ ነበር አሉ። ኋላ ጋሽ ሸዋንግዛው ሲያስቡት፣ የማሉት ዓይን ላለማየት ነው፤ መስታወት ውስጥ ያለው ደግሞ ዓይን ሳይሆን የብርሃን ሥራ ነው። ሰባት መስታወት ገዝተው ግቢውን ዞሩት። ከቧንቧው በላይ አንድ፣ ኩሽናው በር ላይ አንድ፣ ከሮማኑ ዛፍ ጀርባ አንድ፣ በሩ ላይ አንድ እያሉ። አንዱን ነፋስ ሲጥለው ሁሉንም በሲሚንቶ አጣበቋቸው። ከዚያ ወዲያ እንደማንኛውም ወንድምና እህት መጨቃጨቅ ጀመሩ፤ ልዩነቱ ሁለቱም አንድ አቅጣጫ እያዩ መሆኑ ብቻ ነው። እኔም ተለማመድኩት። ጠዋት ቧንቧው ጋ ጢሜን ስላጭ ከግቢው ማዶ «መምህር፣ አገጭህ ሥር ቀርቷል» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ዞር ብል ማንም እኔን እያየ አይደለም።

ሱቃቸው ውስጥ መስታወት መግዛት ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ ይጠይቃሉ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ስፖኪዮው ተሰብሮበት መጥቶ እኔ ባለሁበት እንዲህ አሉት።

«ከኋላህ ማን እንዲመጣ ትጠብቃለህ?»

«አቦ ማንም! ትራፊክ እንዳይዘኝ ነው እንጂ።»

«ትራፊኩ እንዲያይህ ትፈልጋለህ?»

«ወላሂ አልፈልግም!»

«ታዲያ መስታወት ምን ያደርግልሃል? መስታወት ውስጥ ያየኸው ሁሉ አንተን ያይሃል።»

ይህቺ ንግግር መመሪያቸው ነበረች። ያገኟት ደግሞ ከአንድ ሥዕል ነው። አንድ ሰው እንዲታደስለት ያመጣው የፎቶ ፍሬም ጀርባው ላይ እንደ ካርቶን የተወተፈ የውጭ አገር መጽሐፍ ገጽ ተገኘ። ሥሩ ያለውን ጽሑፍ እኔ ነኝ ያነበብኩላቸው። ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት፣ ባሮክ በሚሉት ዘመን፣ የአውሮፓ ሠዓሊዎች አምስቱን የስሜት ሕዋሳት በሴት አምሳል ይሥሉ ነበር። መስማት ሙዚቃ ትጫወታለች፣ ማሽተት አበባ ትይዛለች። ይህቺኛዋ ማየት ናት። ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ በአንድ መስኮት ብርሃን ተቀምጣ መስታወት ይዛለች፤ ፊቷ እኛን አይደለም፣ ግን መስታወቱ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጠረጴዛው ላይ የሩቅ ማሳያ መነጽር አለ፣ አጠገቧ ንስር ቆሟል፣ ፀሐይን ሳይጨፍን ያያል ስለሚባል። ጋሽ ሸዋንግዛው ሴትዮዋን «እመት ማየት» ብለው ሱቃቸው ውስጥ በዓይን ልክ ሰቀሏት።

የባጃጁ ሾፌር አያትና ሳቀ። «ይቺ ደግሞ ራሷን ወዳለች።»

«ማንን ነው የምታየው?» አሉት።

«ራሷን ነዋ!»

«አንተ ፊቷን መስታወቱ ውስጥ ታየዋለህ?»

«አየዋለሁ።»

«እንግዲያው የምታየው አንተን ነው።»

ሰውዬው ኮሌታውን አስተካከለና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እኔ መምህር ነኝና ዝም አላልኩም፤ ሠዓሊው ራሷን እንድታይ አድርጎ እንደሣላት ማንም ያውቃል ብዬ ተከራከርኩ። ጋሽ ሸዋንግዛው ማስመሪያና የእርሳስ ቁራጭ ሰጡኝ። ካርቶን ላይ የሴትዮዋን ዓይን፣ መስታወቱን፣ የእኛን ዓይን ነጥብ አድርጌ ጨረሩን ሠራሁት። በገባበት ማዕዘን ይመለሳል፤ ከእሷ ወደ እኛ የመጣበት መንገድ ከእኛ ወደ እሷ የሚሄድበት ነው። ራሷን ብታይ ኖሮ እኛ ፊቷን እዚያ ቦታ ባላየነው። ሁለት ጊዜ ሞከርኩና ሁለት ጊዜ ተሸነፍኩ።

«አራት መቶ ዓመት ሙሉ ራሷን ታደንቃለች ብለው አሟት» አሉ። «እሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታም ቢሆን የምታየው እኛን ነው። ሰው ጀርባውን ስለሰጠህ አያይህም አትበል፣ መምህር።»

ይህን ሲሉ ስለ እመት ማየት ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜውኑ ገብቶኛል። አንድ ቀን አባን ግቢ ጠርተው አግዳሚው ወንበር ላይ አስቀመጧቸውና «እነሆ አባ፣ ዘነበችን መስታወቱ ውስጥ አያታለሁ፣ እሷም ታየኛለች፤ መምህሩ ይመስክር። እዚሁ ይቅር እንባባልና ይፍቱን» አሏቸው። እኔም በሳይንስ መሰከርኩ። አባ ገብረ ሥላሴ ግን ተቆጡ።

«እኔ የምፈታው ሰው ነው፤ መስታወት አልፈታም!» ብለው መስቀላቸውን ካባቸው ውስጥ ከተው ሄዱ።

ጋሽ ሸዋንግዛው ከዚያ ወዲያ ስለ ይቅርታ አላነሱም። ግን ከዓመት በኋላ መስታወቶቹን ማማረር ጀመሩ። «አረጁ፣ ጉም ያዛቸው» እያሉ በጋዜጣ ሲወለውሉ ይውላሉ። እኔ ሳየው ግልጥልጥ ያሉ መስታወቶች ናቸው። አንድ ቅዳሜ እትዬ ዘነበች ልብስ እያሰጡ ጠሩኝ።

«መምህር፣ ሕጉ ተበላሸ እንዴ?»

«የቱ ሕግ እትዬ?»

«እኔ መስታወቱ ውስጥ አየዋለሁ። እሱ ግን ዓይኔን አያይም። ጆሮዬን ነው የሚያየው።»

ምሳ ላይ ልብ ብዬ አየሁ። እውነታቸውን ነው፤ ጋሽ ሸዋንግዛው ከእህታቸው ፊት አንድ ስንዝር ወደ ጎን እያዩ ያወራሉ። የዓይን ሞራ ነበር። ሕጉ ደህና ነው፣ የታመሙት ዓይኖቻቸው ናቸው ብዬ ለእትዬ ነገርኳቸው። በማግስቱ ደማቅ ቀይ ሹራብ ገዝተው መጡና ክረምት ከበጋ እሱን መልበስ ያዙ፣ ወንድማቸው የት እንዳሉ እንዲያገኟቸው ብለው። ጋሽ ሸዋንግዛው መጀመሪያ ቀን መስታወቱ ውስጥ ሲያዩት «ዘነበች፣ ኩሽናው ተቃጠለ እንዴ?» አሉ። እትዬ ስቀው ስቀው፣ እዚያው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ጋሽ ሸዋንግዛውን ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው፣ በማግስቱ ፋሻው ይነሳል፣ ያያሉ አለ። ጋሽ ሸዋንግዛው አመስግነው ወጡና በር ላይ እምቢ አሉኝ።

«ለምን?»

«ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ የማየው አስታማሚዬን ነው። ከዘነበች ሌላ ማን አለኝ? ዓይኔን ገልጬ ዓይኗን ባየው መሐላው ፈረሰ።»

«ጋሽ ሸዋንግዛው፣ መሐላው ቢፈርስ አይሻልም?»

«በስህተት አይፈርስም» አሉኝ፤ ሲቆጡ አይቻቸው የማውቀው ያኔ ብቻ ነው። «ዓይኗን የማየው አውቄ፣ ይቅር ብያት፣ ይቅር ብላኝ ነው።»

እንግዲያው እኔ ላስታምምዎ፣ ፋሻው ሲነሳ የእኔን ጥቁር ፊት ይዩ አልኳቸው። ይሄን ወደዱት። ተቀጣጠርን። የፈተና ሰሞን ሆነና አዘገየሁት። ከዚያ በስድስተኛ ዓመቴ ዝውውሬ መጣ፣ ድሬዳዋ ወረድኩ። ለፋሲካ እመጣለሁ አልኩ፤ አልመጣሁም። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ አልኩ፤ እሱንም ሌላ ነገር በላው። ሁለት ዓመት እንዲሁ ሄደ። የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፣ ሌላ ምን እላለሁ።

ስሰናበታቸው በብርድ ልብስ የተጠቀለለ መስታወት ሰጡኝ። ከእናታቸው ስብር መስታወት የተረፈውን ትልቁን ስባሪ ቆርጠው ፍሬም አድርገውለታል። «የዛሬ የገበያ መስታወት ፊት ያጣምማል፣ ይሄ አይዋሽም። እዚህ ከተቀመጠ ደግሞ ሌላ ጠብ ያመጣል» አሉኝ። ሲናገሩ የሚያዩት ጆሮዬን ነበር።

እንግዲህ እትዬ የደወሉልኝ ቀን ይህንኑ መስታወት ከግድግዳዬ አውርጄ ሐረር የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አቆምኩት። ብርድ ልብሱን በጥድፊያ ረስቼዋለሁ። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ከኋላ ያለች ሴት ሻሿን አስተካከለችበት፤ አንድ ሽማግሌ አፋቸውን ከፍተው ጥርሳቸውን ቆጠሩ። ሾፌሩ «አቦ ፀሐይዋን ዓይኔ ላይ አታምጣብኝ!» ብሎ ጮኸ። ሳዞረው ጎኔ የተቀመጠው ሰው ከራሱ ጋር ፊት ለፊት ገጥሞ እስከ ሐረማያ ትንፍሽ ሳይል ሄደ። ኬላው ላይ ፈታሹ ገብቶ «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። «መስታወት።» «ለምን?» «ለለቅሶ።» ትንሽ አሰበ፣ ኮፍያውን አየና አስተካክሎ «እለፉ» አለ። እኔ ሰዓቴን ብቻ ነበር የማየው። ቀዶ ሕክምናውን ያስቀረሁባቸው እኔ ነኝ፤ ይህቺን እንኳን እንዳላስቀር ፈራሁ።

ስደርስ ድንኳን ተተክሏል፤ ግቢው በለቀስተኛ ሞልቷል፣ በሰባቱ መስታወት ደግሞ ሌላ ሰባት እጥፍ ለቀስተኛ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ፋጡማ መኝታ ቤቱ በር ላይ ክንዳቸውን ዘርግተው ቆመዋል።

«መጣ! አልሐምዱሊላህ! ወላሂ አንድ ሰው አላስገባሁም!» አሉ።

አባ ገብረ ሥላሴ ወደ እኔ መጡ፤ አርጅተዋል። «መቃብሩ ተቆፍሯል፣ ሰዉ ፀሐይ ላይ ነው፤ እሷ ግን ወንድሜ አይደለም ትላለች። ሐዘን ነው ልጄ፣ እንጃ።»

«ሐዘን ብቻ አይደለም አባ» አልኳቸው። ነገሩ ስልኩን እንደሰማሁ ነበር የገባኝ። ያ ጠባሳ የወጣው በመሐላው ቀን ነው። እትዬ ዘነበች እስከዚያ ጠዋት ድረስ ጠባሳውን አንድም ቀን በቀጥታ አይተውት አያውቁም፤ መስታወት ውስጥ ደግሞ ቀኙ ግራ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሚያውቁት ግራ ቅንድቡ የተሰነጠቀ ወንድም ነው። የግቢው መስታወቶች ደግሞ ከሲሚንቷቸው አይነቀሉም፣ የገበያውን አያምኑም።

አብረን ገባን። ጋሽ ሸዋንግዛው ፊታቸው ብቻ ተገልጦ አልጋው ላይ ተኝተዋል። እትዬ ዘነበች በቀይ ሹራባቸው ላይ ጥቁር ነጠላ ለብሰው ጥጉ ላይ ቆመዋል፤ ሰላምም አላሉኝ።

«እዚያ ቁም» አሉኝ። እሳቸው አልጋው ላይ ተቀመጡ፣ ጎንበስ አሉና ራሳቸውን ትራሱ ላይ ከወንድማቸው ራስ አጠገብ አደረጉ፣ ጎን ለጎን፣ እንደ አግዳሚው ወንበር። እኔ መስታወቱን ከበላያቸው ይዤ ቀስ እያልኩ አዘነበልኩት። ሁለቱም ገቡበት። ጠባሳው ወደ ቦታው ተመለሰ።

«እሱ ነው» አሉ። «ወይኔ ሸዋዬ፣ እሱ ነው።»

ውጭ ያሉት ሰምተው ለቅሶው ተነሳ። እሳቸው ግን ገና አላለቀሱም፤ ከመስታወቱ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

«መምህር።»

«አቤት እትዬ።»

«መስታወት ውስጥ ያየሁት ሁሉ ያየኛል ይል አልነበር?»

«ይሉ ነበር።»

«አሁን እኔ አየዋለሁ። እሱስ?»

ዓይኖቻቸው ተከድነዋል። ከመከደናቸው በፊትም ሁለት ዓመት፣ በእኔ ቀጠሮ ምክንያት፣ ከቀይ ሹራብ በቀር ምንም አላዩም። እኔ በክፍል ውስጥ አንድ የተሳሳተ የጨረር ቀስት ከሠራ ተማሪ ነጥብ የምቀንስ ሰው ነኝ።

«ያይዎታል» አልኳቸው። «ሕጉ ነው።»

«ይቅር በለኝ ወንድሜ» አሉ እትዬ ዘነበች፣ ወደ መስታወቱ። «ከፈለግህበት ስቀለው። እኔም ይቅር ብዬሃለሁ።»

አባ ገብረ ሥላሴ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። እጃቸው በትከሻዬ ላይ አልፎ መጣ፤ የብር መስቀላቸው መስታወቱን ነካው።

«እግዚአብሔር ይፍታችሁ» አሉ፣ ለሁለቱም።

እንባዬን በትከሻዬ ልጠርግ ስል መስታወቱ ወደ ጎን ዘመመ።

«ቀጥ አድርገህ ያዘው እንጂ» አሉኝ እትዬ ዘነበች። «እያየኝ ነው።»